የማይሞላው ጉድጓድ

ከአረብ አገር ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ወርቅ ነው። ስንት አምባር አመጣሽ፣ ሻንጣሽ ስንት ነው፣ ያ ስልክ እውነተኛው ነው ወይስ አስመስለው የሠሩት። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ስፈትግ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእናቴ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት። ሳቁ ከፈለጋችሁ። ማዳሜ ቤት ውስጥ ስድስት ነበር፤ ስድስቱንም በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ። ስድስተኛው እንግዳ ካልመጣ በቀር ማንም የማይቀመጥበት ነበር። እሱን ሳሸው ነው የእናቴ ጉልበት ትዝ የሚለኝ።

የእናቴ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል። የመካነ ሰላምን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ዕድለኞች ናችሁ። ጓሮ ወርዳ ባህር ዛፉን በሁለት እጇ ይዛ ቁጢጥ ትላለች፤ ከዚያ መነሳት ያቅታትና ሰው ትጣራለች። የሰባት ሰው ሥራ በአንድ ክንዷ ስትገፋ የኖረች ሴት ከጓሮ ሆና "ኧረ ሰው፣ ኧረ የሰው ያለህ" ስትል ይታየኝና ማልቀስ እጀምራለሁ። ስልክ ደውዬ "ጉልበትሽስ?" ስላት "አልሐምዱሊላህ" ትለኛለች። ክርስቲያን ናት፤ ወሎ ላይ ምስጋናችንን ከጎረቤት ጋር ተካፍለን ነው የኖርነው። ያ አልሐምዱሊላህ ግን ውሸት መሆኑን ከድምጿ አውቃለሁ።

ስለዚህ ቤት አሠራሁላት። ከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ። ግንበኛው ከወግዲ የመጣ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ነበር። አንድ ቀን የማዳሜን ምንጣፍ እየጠረግሁ ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው።

"የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እንዴት ላድርገው?" አለኝ። "ታችና ጎኑን በሲሚንቶ ከደፈንኩት በሁለት ዓመት ይሞላና መምጠጫ መኪና ከደሴ ስትለምኚ ትኖሪያለሽ። ክፍቱን ከተውኩት ግን መሬቱ ይጠጣዋል።"

"ይጠጣው" አልኩት።

እንዲህ ነው የፈረድኩት። ማዳሜ እንዳትሰማኝ በሹክሹክታ፣ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ፣ በአንድ ቃል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገረኝ። እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ መኪና ከመለመን የሚያድነኝን መረጥኩ። መሬቱ ከጠጣው በኋላ የት ያደርሰዋል ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለታችን አንድም አልነበረም።

ቤቱ ሲያልቅ እኔም ጠቅልዬ መጣሁ። ጎረቤቱ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ሲመጣ ሳሎኑን በዓይኑ ዳሰስ አድርጎ ያልፍና ቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ነው። በር ላይ ተሰልፈው ያዩታል፣ ውሃውን ለቀቅ አድርገው ይሰሙታል፣ "ያ ረቢ፣ የት ገባ?" ይላሉ። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ስትወጣ ግንባሬን ስማ "እንዳሳረፍሽኝ አሳርፎ ያኑርሽ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ያህል የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም። ይኸው አሁን እንኳ ስጽፈው ደስታው ይመጣብኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያንገሸግሸኛል።

ጉድጓዱ አልሞላም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አልሞላም። ሰው ባገኘኝ ቁጥር "ሞላ እንዴ?" ይለኛል፤ እኔም አፌን ሞልቼ "ኧረ ምን ሲደረግ" እላለሁ። የእኔን ያየ ሁሉ ልጁ ጋ ደወለ። ሪያድ ያለችውም፣ ቤይሩት ያለችውም፣ ኩዌት ያለችውም ለወላጆቿ እንደኔ ያለ ቤት አሠራች፤ ግንበኛው ያው ነው፣ ጉድጓዱም ያው ክፍቱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ቁልቁለቱ ዘጠኝ ቤት አበቀለ። በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ ጨዋታችን ይኸው ሆነ። የኔም አልሞላ፣ የኔም አልሞላ። አገሩን ያሠለጠንነው እኛ የሰው ቤት ገረዶች ነን ብለን ኮራን።

ምንጩ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው።

ስለ ምንጩ ብዙ አልልም። ከድንጋይ ሥር የክንድ ያህል ሆኖ ይወጣል፤ በበጋም አይጎድልም። እዚያ የሚቀዳ ሰው ጫማውን ራቅ አድርጎ ያወልቃል። ሳሙና አይቀርብም። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ለእሷ የሚቀዳ ሰው ያልፋል። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል እስላም ክርስቲያኑ ወጥቶ ዙሪያውን ይጠርጋል፣ ደለሉን ያወጣል፤ በዚያ ቀን ያልመጣ ሰው ስሙ በክፉ ይነሳል። ቤቱ ቧንቧ የገባለትም ቢሆን የሚጠጣውን የሚያስቀዳው ከዚህ ነው፤ ቧንቧው መድኃኒት መድኃኒት ይላል ይሉታል፣ ደግሞም በፈረቃ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ቧንቧው በጠፋ ቀን ለሽንት ቤቱ ማውረጃ ከምንጩ በጄሪካን እያስመጣን እንደፋ ነበር። ንጹሑን ሽቅብ እንሸከማለን፣ ቆሻሻውን ቁልቁል እንሰዳለን። ይህንን ሳስበው ማንን እንደምሰድብ ግራ ይገባኛል።

ከምንጩ አጠገብ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አረቄ እያወጣች የምትኖር ሴት ነበረች። ከወረኢሉ ተድራ ነው የመጣችው፤ ባሏ ሞተ፣ ልጅ አልወለደችም፣ ዘመድም እዚህ የላትም። እኔ እትዬ እላታለሁ። አረቄ ውሃ ይፈልጋል፤ ድፍድፉን ለመጠንሰስ ብቻ ሳይሆን ከሸክላው የሚወጣውን እንፋሎት ለማቀዝቀዝም ጭምር። ምንጩ ለሌላው መጠጡ ነው፤ ለእሷ እንጀራዋም ነው። ጧት ቀድማ ትወርዳለች፣ ሰው ሳይመጣ ትቀዳለች፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ለሽማግሌው ለነፍሰ ጡሯ ታሸክማለች።

እኔ በሌለሁበት አሥራ አንድ ዓመት የእናቴን ውሃ የቀዳችው እሷ ናት። ማንም ሳይጠይቃት። ጧት ጧት የራሷን አድርሳ ትመለስና የእናቴን ጄሪካን ተሸክማ ያንን ቁልቁለት ትወጣለች፤ እናቴ ጓሮ ስትጣራም ሮጣ የምታነሳት እሷ ነበረች። እናቴ እህቴ ነበር የምትላት። ከአረብ አገር ስመጣ አንድ ሻርፕ ሰጠኋት፤ ደስ ብሏት ለበሰችው፤ እኔም ውለታዋን የመለስኩ መሰለኝ። እንደኔ ያለ ዓይነ ደረቅ የለም።

ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ልጆች መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ ጥርስ ማብቀል ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ቡዳ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ትልልቁም ሰው ሆዱን ይዞ ጓሮ ለጓሮ መሮጥ ሲጀምር ዝም ተባለ። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ግሉኮሱን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ይውላሉ። ከእኛ በታች ካለው ቤት አንዲት ገና ዳዴ የምትል ሕፃን አረፈች። ሬሳዋን ሳየው ጉንጯ ገብቶ የአሮጊት ፊት መስላ ነበር። እናቷ ከዚያ ወዲህ ሰው ቀና ብላ አታይም።

ከጤና ጣቢያው አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ከምንጩ በጠርሙስ ናሙና ወሰደ። "እስከዚያው አፍልታችሁ ጠጡ" አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁበት። ምንጭ ይፈላል እንዴ? እኛ አገር የፈላ ውሃ የሚጠጣ በሽተኛ ብቻ ነው፤ የምንጭን ውሃ ማፍላት ምንጩን መስደብ ነው የሚመስለን። ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስለ ጀርም ማዳሜ ስትጮህብኝ የኖርኩት ሴት እንኳ ጥራቱን አይቼ አፌን ሰጥቼ ጠጣሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቤት አጸዳሁ። ከአረብ አገር ካመጣሁት የጽዳት ፈሳሽ አንድ ትልቅ ዕቃ ተርፎ ነበር፤ አረንጓዴ ነው፣ የጥድ ሽታ አለው፣ አንዴ ከነካችሁ እጃችሁን ለቆ አይሄድም። የዚያ ሽታ ለእኔ የማዳሜ ቤት ሽታ ነው። ልጆች በየቤቱ ሲታመሙ የእኔ ቤት እንኳ ንጹሕ ይሁን ብዬ ዕቃውን እንዳለ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገልብጬ ውሃ ለቀቅኩበት። ጠጣው ጉድጓዱ፣ እንደ ልማዱ።

ሰኞ ጧት እናቴ ከምንጭ በመጣው ውሃ ልትጠጣ ጣሳውን ወደ አፏ አስጠግታ ቆም አለች። አሸተተች። ከዚያ ምንም ሳትል ጠጣችው። ጣሳውን ተቀብዬ እኔም አሸተትኩ።

ጥድ።

በጣም ትንሽ ነው፣ ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት እሱን ስተነፍስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉድጓዱ ለምን እንደማይሞላ ያኔ ገባኝ፤ ስንኮራበት የኖርነው ቆሻሻ ተመልሶ በጣሳ ወደ አፋችን ሲመጣ። የዘጠኝ ቤት ቆሻሻ በቁልቁለቱ ውስጥ ወርዶ ምንጩ ጋ ይደርሳል፤ ከሁሉም ቀዳሚው ደግሞ የኔ ነው። ያቺን ሕፃን አሰብኳት። ተነስቼ ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከ በር ሄጃለሁ። በር ላይ ስደርስ ሰው ምን ይለኛል የሚለው መጣ፤ ቤቴን ቢያፈርሱት እናቴ የት ትገባለች የሚለው መጣ። ነገ አልኩ። ነገው ሌላ ነገ ወለደ።

በዚያ መካከል ሽማግሌዎቹ አውጫጭ ጠሩ።

አውጫጭ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጥፋት ደርሶ ጥፋተኛው ሲጠፋ አገሬው ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰው ሁሉ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሰዉ አንድ በአንድ እየሄደ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የነገረው ሰው ወፍ ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፣ አይነገርም፤ "ወፍ ነገረችን" ይሉና ይፈርዳሉ። በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል የምናደርገው ነው። ለውሃ ሲደረግ ግን የሰማሁት ያኔ ነው። ሰዉ ምንጩ በራሱ ይበላሻል ብሎ አላሰበም፤ ያበላሸው እጅ አለ ብሎ ነው ያመነው። እጅ ነበረም፤ ዘጠኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ አባታችን ሆይ አስደገሙ፣ ያወቀ ደብቆ እንደሆነ ልጁ አይባረክ ተብሎ ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አልኩ። አንድ በአንድ መሄድ ተጀመረ። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ሄደች፤ ከሌላው ሰው ቆየት አለች፤ ተመለሰች። አጠገቤ ስትቀመጥ አላየችኝም።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከእኛ ቤት ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሚኖሩ፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ጆሯቸውን አስጠጉልኝ።

"ያየሽው አለ ልጄ?"

"ያየሁት የለም" አልኳቸው።

አልዋሸሁም። ያሸተትኩት እንጂ ያየሁት የለም። እንዲህ እያልኩ ነው ወደ ቦታዬ የተመለስኩት፤ ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ቃል አያጣም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሽማግሌው ተነስተው ቆሙ። "ወፍ ነግራናለች" አሉ። "የአረቄ እንስራ ሳይታጠብ፣ ከነድፍድፉ፣ ምንጩ ውስጥ ይነከራል። ውሃው የተበላሸው በዚህ ነው።" ስም መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ አረቄ የምታወጣው አንድ ሰው ብቻ ናት። እትዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። የሰጠኋትን ሻርፕ ለብሳ ነበር።

"እኔ?" አለች። ሁሉንም ዞራ አየች። "የኔ ቤት ከምንጩ በታች አይደለም እንዴ? አተላዬ ሽቅብ ይፈሳል? እንስራዬንስ ሳላጥብ ስነክር ያየ ሰው ካለ ይቁም።"

የቆመ የለም። ሁሉም የሚያየው መሬቱን ነው። እዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ እሷ ጄሪካን ያላሸከመቻት ሴት ትኖር ይሆን? ፍርዱ ተነገረ፤ ምንጩ እስኪጠራ፣ በሽታው እስኪቆም ከምንጩ እንዳትቀዳ፣ ሰውም እንዳይቀዳላት። አረቄ ለምታወጣ፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ምንጩ ካልጠራ አገር ልቀቂ ማለት ነው፣ ዝም ብሎ በጨዋ ቋንቋ። እኔ ደግሞ ምንጩ እንደማይጠራ አውቃለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩ።

ሦስት ቀን ከወንዝ ስትመላለስ አየኋት። ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ፣ ምንጩ አጠገብ ስትደርስ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። አንቱ እያልኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ግንበኛውን፣ ጥዱን። "ምንጩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ሰው ሰብስቡና ልናገር። ፍርዱን ከእሷ ላይ አንሱ።"

ሳይቆጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሱና በሩን ዘጉት።

"የአንቺ ብቻ መሰለሽ?" አሉኝ።

ተመልሰው ተቀመጡ።

"ያ ናሙና የወሰደው ልጅ ከአውጫጩ በፊት መጥቶ ነግሮኛል። ከላይ ነው፣ ከቤቶቹ ነው ብሎኛል። የኔም ጉድጓድ እንደ አንቺው ነው፤ ልጆቼ ናቸው ያሠሩልኝ።"

"ታዲያ አንቱ እያወቁ ለምን?"

"ምን ላድርግ? ዘጠኝ ቤት ላፍርስ? የልጆቻችንን ላብ ላፍርስ? ሕፃን ሞቷል፤ አባትዬው ጥፋተኛ አምጡ እያለ ነው። ዘጠኝ ቤት ከምናጋጭ አንዲት ሴት ብትሄድ ይሻላል። እሷ ብትሄድ ደም የሚል ዘመድ የላትም።"

"ምንጩስ እሷ ስትሄድ ይጠራል?"

"ውሃው አይጠራም" አሉኝ። "ሰዉ ግን ይረጋጋል።"

ይህንን ሲሉ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ደክሟቸዋል፤ አውርተው መገላገል የፈለጉ ይመስላሉ። ተነስቼ በሩን ስከፍት ከኋላዬ "ደግሞስ" አሉኝ፣ "ስሟ ከማን ቤት እንደወጣ ሳታጣሪ ነው የመጣሽው። ሂጂ ግቢ ልጄ። አብሽሪ።"

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሽንብራ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ አውጫጩ ላይ ምን ብለሽ ነው የቆየሽው?"

ሽንብራዋን መልቀም አላቆመችም። "ያልኩትን አልኩ።"

"የእትዬን ስም አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?"

"የማንን ልስጥ?" አለች። አሁን ቀና ብላ አየችኝ። "ውሃው እንደ ሻንጣሽ ጥድ ጥድ ሲል እኔም አፍንጫ አለኝ። ዝም ብል ሌላ ሰው ያሸተዋል፤ ይደርሱብሻል። ጨቅላው የሞተበት ሰው ቤትሽ ላይ ክብሪት ከመጫር አይመለስም። የማንን ልጥራ? ያንቺን?"

"እማ፣ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ የቀዳችልሽ ሴት እኮ ናት።"

"አሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደሌላት ሴት የኖርኩት እኔ ነኝ" አለች። "እሷ ውሃ ቀዳችልኝ፤ አንቺ ልጄ ነሽ። እግዜርም ይፍረድብኝ፣ እሷም ትፍረድብኝ፤ መልሼ ግን ለአረብ አልሰጥሽም አልኩ።"

ልጮህባት ፈልጌ ነበር። የምጮህበት አፍ አጣሁ፤ እሷ በሽማግሌ ጆሮ ያለችውን እኔ በዝምታዬ ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የምንጩን ውሃ መጠጣት አላቆመችም። ላፍላልሽ ስላት እምቢ አለች፤ ጭሱን አይተው ለምን ታፈላላችሁ ይሉናል ትላለች። ሆዷን ይዛ ትተኛለች፣ ይሻላታል፣ ተነስታ ደግሞ ትጠጣለች።

ሽንት ቤቱን ቆለፍኩት። ቁልፉን አልጋዬ ሥር አደረግሁት። በማግስቱ እናቴን ጓሮ ወድቃ አገኘኋት፤ ክንዷ ተልጦ፣ ቀሚሷ እርጥብ ሆኖ፣ አፍራ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ። አነሳኋት፣ አጠብኳት፣ ሽንት ቤቱን ከፈትኩት። ግንበኛውን ደውዬ ጉድጓዱን አሁን በሲሚንቶ ድፈንልኝ አልኩት፤ መጀመሪያ መምጠጥ አለበት፣ መኪናው ደግሞ ያንን መንገድ አይገባም አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ክፍት ነው። የቀሩት ስምንቱም እንደዚያው ናቸው። አሥረኛው ቤት መሠረቱ ወጥቷል።

ምንጩ አልጠራም። እትዬ ሁለት ወር ያህል ከወንዝ እየቀዳች ታገለች፤ ከዚያ ማሰሮዋንና የአረቄ ማውጫዋን ለገበያ አወጣች። የገዛው ሰው በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሲስቅ አየሁት። ወረኢሉ እህቷ ጋ ልትሄድ ነው ተባለ። መውጫዋ ቀን ተደብቄ ለመዋል አስቤ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ ከቤት ላልወጣ። ጧት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት፤ አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ይዛለች። በጣም ከስታለች።

"እህቴን ልሰናበት ነው" አለችኝ።

አስገባኋት። እናቴ ከመደቡ ልትነሳ ስትሞክር "ኧረ በአላህ፣ አትነሺ" አለቻትና ሄዳ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ታውቃለች ብዬ አሰብኩ፤ ልትናገረን ነው የመጣችው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። ትንገረን፣ ትርገመን፣ ጎረቤት ይስማን፣ ይለቅልን ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ስንት ቀን አሰብኩት" አለች እትዬ። "መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ እኔን እንዲህ ይበሉኝ ብዬ። ከዚያ ወንዝ ስወርድ ስወጣ አሰብኩት። እንስራዬን አጥቤ ነው የምነክረው እላለሁ፤ ግን ሰው ይቸኩላል፤ አንድ ቀን ሳላጥብ ነክሬ እንደሆንስ? አገር ሁሉ በሐሰት አይነሳብኝም። ያቺ ሕፃን በኔ እጅ ሄዳ ከሆነ፣ ይዤው ልሄድ አልፈልግም። ቤት ለቤት ይቅርታ ልል ነው። ካንቺ ልጀምር ብዬ ነው፤ አንቺም ሆድሽን የታመምሽው በኔ ነውና ይቅር በዪኝ።"

እናቴ እጇን እትዬ ራስ ላይ አደረገች። "እግዜር ይፍታሽ እህቴ" አለቻት።

እትዬ ተነሳች፤ ፌስታሏን ያዘች። በር ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺም ልጄ" አለችኝ፣ "ይቅር በዪኝ።"

ይቅር አልኳት።